ምስጋና ክፍል ውስጥ ስለተቀበሩት አምስት አቤቱታዎች

ለተከበሩ የሕንጻችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢና የኢንተርኔት መድረካችን ዋና አስተዳዳሪ

ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

በቅድሚያ ለእርስዎ ጤንነትን፣ ለቤተሰብዎ ሰላምን፣ ለስልክዎም የማያልቅ ባትሪን እመኛለሁ፤ የእርስዎ ስልክ ከጠፋ የሰባት ፎቅ ሰው ብሶት ማን ዘንድ ሄዶ መልስ ሳያገኝ እንደሚቀር አላውቅምና።

እኔ ባለፈው ዓመት ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅሁ፣ ስድስተኛ ፎቅ ከእናቴ ጋር የምኖር፣ እርስዎ ራስዎ «ተምሮ ከመቀመጥ ይሻልሻል» ብለው የመድረኩ የአስተያየትና የቅሬታ አደራጅ አድርገው የሾሙኝ ልጅ ነኝ። የሾሙኝ ዕለት ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጥቼ እናቴን አቅፌያታለሁ። ይህን ደብዳቤ በመድረኩ ላይ ሳይሆን በወረቀት አትሜ በሕንጻው ዋና በር ላይ የለጠፍኩት ከትናንት በስቲያ በመድረኩ ላይ እንዳልጽፍ ስላገዱኝ ነው። ስለ እገዳው ከልብ አመሰግናለሁ፤ መድረኩን የሚከፍተው ከነዋሪው ሲሶው ቢሆን ነው፣ በበሩ የማያልፍ ግን የለም።

አንደኛ፤ የዛሬ ስድስት ወር በጥበቃው መስኮት ላይ «ቅሬታ በቃል አይስተናገድም፣ በመድረኩ ይጻፍ» የሚል ማስታወቂያ በማስለጠፍዎ ሥራ እንዴት እንደቀለለ ምስክር ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ሳይዘምት ሁላችንም «ሻምበል» የምንለው ጥበቃችን ውኃ ጠፋ የሚለውንም፣ ሌባ ገባ የሚለውንም ተናግሮ ሳይጨርስ «ጻፉት!» ብሎ ይሸኘዋል። የሚቀመጥበት ወንበር እግሩ ተሰብሮ በጡብ ተደግፎ ሳየው «ሻምበል፣ አንተስ?» ብዬ ብጠይቀው «እኔማ ጽፌያለሁ፣ መጻፉን ማን ከለከለኝ» አለኝ።

ሁለተኛ፤ ይህኛው በከፊል የእኔም ኃጢአት ስለሆነ ትንሽ ይታገሡኝ። የአባላትን መልእክት በአራት ክፍል እንድደለድል ባዘዙኝ መሠረት አስቸኳይ፣ ሊቆይ የሚችል፣ መልስ ያገኘ እና ምስጋና የሚሉትን ክፍሎች አዘጋጀሁ። ቀጥለውም በጥበብዎ አንድ ደንብ ጨመሩ፤ መልእክቱ ውስጥ «አመሰግናለሁ»፣ «ተባረኩ»፣ «እግዜር ይስጥልን» ወይም ይህን የመሰለ ቃል ከተገኘ ማንም ሳያነበው በቀጥታ ወደ ምስጋና ክፍል ይግባ አሉ። ምስጋና ክፍል ደግሞ ይቆጠራል እንጂ አይመለስለትም። ቃላቱን ለቅሜ ሠላሳ ሁለት አድርሼ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ «እጃችሁ ይባረክ» የሚለው ትዝ ሲለኝ ምን ያህል እንደኮራሁ ዛሬ መናገሩ ያሳፍረኛል። ጣሪያው በላዩ ላይ ቢወርድበት እንኳ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ ጀምሮ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ የሚጨርስ ሰው መሆናችንን በአራት ዓመት ትምህርት ማንም አልነገረኝም። እናቴ ግን ደንቡን ሳነብላት ሽንኩርት መክተፏን አቁማ «ታዲያ ያልተሳደበ ሁሉ ደስ ብሎታል ማለት ነው?» ስትለኝ «እማዬ፣ ሲስተም ነው፣ አይገባሽም» ብዬ መለስኩላት።

የአራተኛ ፎቋን ልብስ ሰፊ እርስዎም ያውቋቸዋል፤ የሁላችንንም መጋረጃ የሰፉ፣ የምረቃ ልብሴን «በአጭር ቁመትሽ ላይ ይሄን ጎትተሽ ልትወድቂ ነው» እያሉ ያሳጠሩልኝ እትዬ ናቸው። በቃል አይስተናገድም ስለተባለ ብቻ፣ ዕድሜ ልካቸውን ስልክ ለማንሳትና ለመዝጋት እንጂ ለሌላ ነክተውት የማያውቁ ሴት፣ በአንዲት ጣት ፊደል መልቀም ተማሩ። የመጀመሪያው መልእክታቸው እንዲህ ይላል፤ «ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። እንደምን ከረማችሁ። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ፎቅ የሚያስወጣው ደረጃ የእጅ መደገፊያ ብረቱ ተነቅሎ በሽቦ ታስሯል። ሰው እንዳይጎዳ ብታዩት። እግዜር ይስጥልን።» ሁለተኛው ላይ ሽቦው እንደላላ ጽፈው «ተባረኩ» ብለው ዘጉ፤ ሦስተኛው ላይ እርሳቸው ራሳቸው በልብስ ጥብጣብ ደግመው እንዳሰሩት ገልጸው «ለምትደክሙልን ሁሉ እጃችሁ ይባረክ» አሉ። አራተኛው ላይ ከምስጋናው ሌላ «ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ» የሚል ጨመሩበት። አምስተኛው አጭር ነው፤ «ልጆቼ፣ ብረቱ። አመሰግናለሁ።» አምስቱም ምስጋና ክፍል ገቡ።

ሦስተኛ፤ የግማሽ ዓመት ሪፖርትዎ ከመቶ ዘጠና አራቱ አባል መርካቱን ማብሠሩ ሳያንስ፣ ከሦስተኛው መልእክት ላይ «ለምትደክሙልን ሁሉ እጃችሁ ይባረክ» የሚለውን ብቻ ቆርጠው፣ ከሥሩ «አንዲት የአራተኛ ፎቅ እናት» ብለው፣ በአበባ ሥዕል አስጊጠው በዋናው አዳራሽ በትልቁ በማሰቀልዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቆርጦ መስፋት የእትዬ ሙያ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እርስዎም ይችሉበታል።

ሪፖርቱ በተሰቀለ በዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ እትዬ የደንበኛ መጋረጃ በግራ ክንዳቸው ታቅፈው ሲወርዱ በቀኝ እጃቸው ብረቱን ተደገፉ፤ ሽቦውም ጥብጣቡም ለቀቀ። ስድስት ደረጃ ተንከባለው የቀኝ እጃቸው አንጓ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሐኪሙ አጥንቱ ይገጥማል፣ ጣቶቹ ግን እንደ ድሮው መቀስ ይጨብጣሉ ብዬ ቃል አልገባም ብሏል። መጋረጃው ግን አልቆሸሸም፤ ወድቀውም ከፍ አድርገው ይዘውት ነበር።

አራተኛ፤ በዚያው ከሰዓት የአምስተኛ ፎቁ የታክሲ ሾፌር፣ እትዬን ተሸክሞ ያወረዳቸው ሰው፣ መድረኩ ላይ «ሰው እስኪሞት ነው የምትጠብቁት? አታፍሩም?» ብሎ ጻፈ። መልእክቱ በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ ተሰረዘ፤ ሾፌሩም «ጨዋነት በጎደለው አነጋገር» ለአንድ ወር ታገደ። የእርስዎን እንዲህ ያለ ፍጥነት በስድስት ወር ውስጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነውና እጅግ አደንቃለሁ። የእትዬን አምስት መልእክት ከነቀናቸው ሰብስቤ አስቸኳይ ክፍል ውስጥ ሳስገባቸው ደግሞ እኔን ለማገድ ሰባት ደቂቃ በቃዎት፤ እያሻሻሉ ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ አንድ ነገር በትሕትና ልጠይቅዎ። በጨዋነት የጻፈ ረክቷል ተብሎ ይቆጠራል፣ በንዴት የጻፈ ባለጌ ተብሎ ይሰረዛል፣ በቃል የመጣ ጻፍ ተብሎ ይባረራል። በየትኛው አፍ እንናገርዎ? የሚሰሙበት ቋንቋ ካለ ይንገሩንና፣ እትዬ በአንድ ጣት ፊደል የተማሩ ሴት ያንንም በግራ እጃቸው ይማሩታል።

ትናንት እትዬ እስኪያገግሙ ያረፉበት ልጃቸው ቤት ሄጄ አልጋቸው አጠገብ ቆሜ፣ ቃላቱን የለቀምኩት እኔ መሆኔን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። በጄሶ የታሸገውን እጃቸውን ትራስ ላይ አድርገው ሲያዳምጡኝ ቆዩና «አይ ልጄ፣ እኔ በደንብ አልጻፍኩት ይሆናል እንጂ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ በወጣልኝ ነበር። ይህንን ደብዳቤ የጻፈው ያ ቃል ነው፤ እኔማ እጄን ብቻ ነው ያዋስኩት።

ስለዚህ ቁጥር መቁጠሩን ትቼ ልናገር። እትዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ በዚያው ደረጃ፣ በአንድ እጅ። ከዚያ በፊት ብረቱ ይበየድ። ከአዳራሹ ላይ ያ አበባ ያለበት ወረቀት ዛሬውኑ ይውረድ፤ እርሳቸው ሲገቡ የገዛ ቃላቸው ተቀምቶ ተሰቅሎ እንዲያነቡት አልፈቅድም፣ ካላወረዱት አወርደዋለሁ። ምስጋና ክፍል ውስጥ ያሉት ሦስት መቶ አሥራ ሰባት መልእክቶች አንድ በአንድ በሰው ዓይን ይነበቡ። ለማንበቡ እኔ አለሁ፤ ሾፌሩ አለ፤ እናቴም መነጽሯን ጠርጋ ተቀምጣለች። አሁንም ይህ መድረክ ለሰው ሊጠቅም ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ ባላምንማ ኖሮ ወረቀት ሳላባክን ዝም ብዬ ሥራ ፍለጋ እዞር ነበር።

ለሹመቱም፣ ለሽረቱም፣ ስሕተቴን በዓይኔ እንዳይ ስላደረጉኝም እጅ እየነሳሁ፣ የትሕትናን ልክ ከእትዬ፣ የትዕግሥትን ማለቂያ ደግሞ ከእርስዎ የተማርኩ፣

ስድስት ወር በታማኝነት የተሳሳተች፣
የቀድሞዋ የአስተያየትና የቅሬታ አደራጅ
ስድስተኛ ፎቅ

ማስታወሻ፦ የሁለተኛ ፎቁ በያጅ ብረቱን አይቶ «የአርባ ደቂቃ ሥራ ነው፣ መሣሪያዬን የምሰካበት የቆጣሪ ክፍል ብቻ ይከፈትልኝ» ብሏል። የዚያ ክፍል ቁልፍ ያለው እርስዎ ኪስ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁላችንም አራተኛ ፎቅ ቆመን እንጠብቅዎታለን። እርስዎ የሚኖሩት ምድር ቤት ስለሆነ ደረጃውን አያውቁትም፤ ስለዚህ ሲወጡ ግድግዳውን ተጠግተው ይውጡ፣ የሚደገፉት ሌላ ነገር የለም።