ማጣሪያው ውስጥ የተውኩት ምስር

ማክሰኞ፣ ጥር 17 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሐይቅ

ዛሬ ጎረቤቴ ዘሀራ "የልብስ ማጠቢያዬን እዪልኝ" ብላ ጠራችኝ። መብራት ከተመለሰ ወዲህ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ማስነሳቷ ነው፤ ውሃውን አላፈስም ብሏታል። የእኔው ሲበላሽ ራሴ እየፈታሁ እሠራው እንደነበር ታውቃለች። እሱን በጦርነቱ ጭነው ወሰዱት፤ አሁን ሐይቁ ዳር ወርጄ በእጄ ነው የማጥበው። የእሷ ግን ሆዱን ምስር ሞልታበት፣ ጭድ ውስጥ ተቀብሮ ተረፈ። ጭረት እንኳ የለበትም። ሳየው አንጀቴ እርር አለ።

ከታች ያለውን የማጣሪያ ክዳን ስፈታው ውሃው እግሬ ላይ ፈሰሰ። ዘሀራ መወልወያ ልታመጣ ወጣች። የተረፈው ምስር አብጦ መውጫውን ደፍኖታል። በሁለት ጣት የሚወጣ ነገር ነበር። አላወጣሁትም። ክዳኑን መልሼ አጠበቅሁና ስትመለስ፣ "ሞተሩ ሳይቃጠል አልቀረም፤ የደሴ ባለሙያ ይየው" አልኳት።

"ወይኔ!" አለች። "ከነገ ጀምሮ ያንቺንም ልብስ እዚሁ እናጥባለን ብዬ፣ ወላሂ ለዚሁ ነው ያጣደፍኩሽ።"

ነገ አብረን ሐይቁ ዳር እንወርዳለን። ሳሙናው ከእኔ ነው ብያታለሁ።