ያልለቀቀኝ ስቅታ

ሰኞ፣ ኅዳር 5

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ። ወጤን ራሴ እሠራለሁ፣ ጨው አላበዛም። ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ። ባለፈው ዝናብ ጣራ ላይ ወጥቼ የላላውን ቆርቆሮ መትቻለሁ፣ ጎረቤቴ ሐሊማ ከታች ሆና "ይውረዱ!" እያለች። ይህን የምጽፈው ለኩራት አይደለም። እሺ፣ ለኩራት ነው። ይህን ሁሉ የሚችል ሰው አንድ ስቅታ አሸነፈው።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ያዘኝ። ይለቃል ብዬ ተውኩት፣ እሱ ግን አልተወኝም። እንቅልፍ የለም፣ እህል አይወርድም። ፊደሌ ድሮም ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ አሁን ጭራሽ የፍየል መንገድ ሆነ።

ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም ደረቴን አዳመጠ፣ ደም ወሰደ። "አባባ፣ ምንም አላገኘሁም" አለኝ። ኪኒን ሰጠኝ። ኪኒኑ እኔን አስተኛ፣ ስቅታው ነቅቶ ዋለ። እያንቀላፋሁ ስዘል ዋልኩ።

ሐሊማ መጣች። "ጋሽ ደምሴ፣ ስምዎን የሚያነሳ ሰው አለ። ማን እንደሆነ ሲጠሩት ይለቅዎታል።" ይህንንማ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ቁጭ ብለን ጠራን። ልጄን ወርቄን። ጦሩ ውስጥ አብረውኝ መኪና የነዱትን ሁሉ። ሻኪሶ ያለውን የሚስቴን ወንድም። በግ የሸጠልኝን ሰውዬ። ወደ ሙታን ስሻገር ሐሊማ በድንገት ጮኸችብኝ፦ "ዶሮዬን የት አደረሷት!"

ማስደንገጫ ነው፣ ገብቶኛል። ቢሆንም ተናደድኩ። ዕድሜ ልኬን የመንግሥት መኪና ነድቼ አንዲት ቡሎን ቤቴ ያላስገባሁ ሰው ነኝ! "ዶሮሽን ቀበሮ ይብላት" አልኳት። ኮርፋ ሄደች። ስቅታው አልሄደም።

ማታ ሾርባ በልጇ ላከች። ኩርፊያዋ እስከ እራት ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

ወርቄ ከሀገረ ማርያም ደወለች። አሁን ቡሌ ሆራ ነው የሚሉት፣ እዚያ ሱቅ አላት።

"አባዬ፣ ምንድነው የሚያዘልልህ?"

"ውሃ እየጠጣሁ ነው።"

"ከቅዳሜ ጀምሮ ነው የምትጠጣው?"

ሐሊማ ነግራታለች። ሐሊማ እያለች ሬዲዮ ምን ያደርጋል።

"ቅዳሜ እመጣለሁ። ካልለቀቀህ ይዤህ ነው የምመለሰው። ቤቱን እናከራየዋለን" አለች። እንደ ቀላል ነገር። ይህን ቤት እኔ ጭቃውን እየረገጥኩ፣ እናቷ ሎኮ በእጇ ነው የመረገችው። ከበሩ ጀርባ የመዳፏ ምልክት አለ። ግድግዳውን ኖራ ስቀባ እሱን እዘለዋለሁ። ሎኮ ካለፈች ወዲህ የዋልኩትን ለወረቀት ነው የምነግረው፣ ግን እዚሁ ቤት ውስጥ ስለሆነ የምትሰማኝ ይመስለኛል።

እና ተከራይ ይግባበት?

እስከ ቅዳሜ መዳን አለብኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ማለዳ ጸበል ሄድኩ። ሁለት ዲያቆናት ብብቴን ሊይዙኝ ተጠጉ። "በእግሬ ነው የመጣሁት" አልኳቸው። ውሃው ሲፈስብኝ ትንፋሼ ቆመ። ስቅታውም ቆመ! እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ አንድም አልመጣ። ትንሽ ድል ናት፣ ትጻፍ። በሩን ስወጣ ተመለሰ።

የነፍስ አባቴ ሳቁ። "ደምሴ፣ ጸበል እንደ ኪኒን ቀጠሮ ይዘህ የምታዘው አይደለም" አሉኝ። እኔ ግን የቅዳሜ ቀጠሮ አለብኝ። ለኅዳር ሚካኤል ጥላ ተሳልኩ።

አያቴ የሚያወጋኝ ነገር ትዝ አለኝ። በድሮዎቹ ነገሥታት ዘመን አባቱን ስም የሌለው በሽታ ያዘው። እጅና እግሩ ከዱት፣ አዋቂ የተባለ ሁሉ አይቶት ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻ በቃሬዛ ተሸክመው፣ ወንዝ አሻግረው፣ ሩቅ አገር ጸበል ወሰዱት። አያቴ በሽታውን በወጉ ነግሮኝ አያውቅም። የተሸካሚዎቹን ስም ግን አንድ ባንድ ይጠራል። ማን ከፊት ነበር፣ ማን ከኋላ፣ ወንዙ ላይ የማን ትከሻ ተላጠ። "ዳነ ወይ ታዲያ?" ስለው፣ "ቆይ እስቲ፣ ገና ተሸካሚዎቹን አልጨረስኩም" ይለኝ ነበር።

እኔ ተሸካሚ አላስፈለገኝም። በእግሬ ሄጄ በእግሬ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ሁለቴ ተቀምጫለሁ፣ ይህን ለወርቄ የሚነግር የለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

ሐሊማ በጠርሙስ ውሃ ይዛ መጣች። ሼኹ ዱዓ አድርገው እፍ ያሉበት ነው።

"እኔ ክርስቲያን ነኝ" አልኳት።

"እርስዎማ ነዎት። ስቅታው ተጠምቋል?"

ሳቅና ስቅታ አብረው መጡብኝ፣ ልሞት ነበር። ጠጣሁት። ከዚያ በኋላ ነው በስሜ ሁለት ኪሎ ስኳር ለሼኹ ቤት እንደተሳለች የነገረችኝ። ምን አገባት? የኔን ስለት እኔ ነኝ የምከፍለው አልኳት። "መጀመሪያ ይዳኑ፣ ኋላ ይጣሉኛል" ብላ ጠርሙሱን ተቀብላኝ ሄደች።

ከሰዓት ጃርሶ ከከብቶቹ ዘንድ መጣ። የሎኮ ጎሳ ሰው ነው፣ ስንጋባም በሽማግሌነት ከፊት ቆሞ የመረቀን እሱ ነው። የቦረና ሰላምታ ደግሞ እንደኛ "እንደምን ዋልክ" ተብሎ አያልቅም። "አካም? ናጋ? ከብቱ ናጋ? ልጅህ ናጋ? ውሃው ናጋ? ሣሩ ናጋ?" ለእያንዳንዱ "ናጋ"፣ ሰላም ነው፣ እያልኩ ስመልስ ሣሩ ላይ ስቅ አለኝ። ጃርሶ በዱላው መሬቱን መታ።

"ሰላም መሃሉ ሲቆረጥ ደግ አይደለም" አለና ከ"አካም" ጀመረ። ውሃው ላይ ስቅ አለኝ። እንደገና ከ"አካም"። ከብቱ ላይ። እንደገና።

"አንተ ደምሴ፣ ዛሬ ከብቴ ውጭ ነው የሚያድረው" አለ።

"ተወው እንግዲህ ሰላምታውን!"

"ሰላምታ ይተዋል? አንተ እኮ አርባ ዓመት ተቀምጠህም የመኪና ሰው ነህ።"

ሳንጨርስ ቀረን። እጁን ራሴ ላይ ጭኖ መረቀኝ፣ ምራቁንም እንትፍ አለብኝ። ደስ አለኝ። አንገቱን ደፍቶ የሚመረቅ ሽማግሌ ሆኜ ልጅነት ተሰማኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 9

ከባድ ቀን። ከጓሮ ስመለስ በሩ ላይ ወደቅሁ። ልብስ ሰፊው ታምራት ከሱቁ አይቶ ሮጦ አነሳኝ። ጴንጤ ነው፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ የሚጸልየው ግን መስማት ለተሳነው አምላክ ነው የሚመስለው። "ልጸልይልዎት?" አለኝ። እምቢ ለማለት አቅም አልነበረኝም።

እጁን ደረቴ ላይ አድርጎ "ውጣ!" አለ። ስቅታው "ሂቅ" አለ። "ልቀቅ!" "ሂቅ።" "በስሙ አዝሃለሁ!" "ሂቅ።" እንደ ሁለት ሰው ሙግት ነው። ሐሊማ ጩኸቱን ሰምታ የሞትኩ መስሏት ነጠላዋን ጥላ እያለቀሰች ገባች። እሷን ሳይ ሳቄ መጣ፣ ታምራትም አሥሬ "ይቅር በለን" እያለ ሳቀ። ምንም ክፍያ አልፈልግም አለ፣ ከዳኑ አንድ እሁድ አዳራሻችን መጥተው ቆመው ይመስክሩ ብቻ።

ሲሄዱ ቤቱ ጸጥ አለ። እውነቱን ልጻፍ። ሞትን አይደለም የፈራሁት። ሐኪሙም ምንም የለም ብሏል፣ ከሞትኩም ሎኮ አጠገብ ነው። የፈራሁት ነገ ነው። ወርቄ ስትመጣ ቀጥ ብዬ ቆሜ "እምቢ" የምልበት ጉልበት የለኝም። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ሁለት ሸሚዝ አደረግሁበት። መልሼ አወጣኋቸው። እንደገና ከተትኳቸው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

ወርቄ ደረሰች። አቧራ በአቧራ ሆና። አቅፋኝ ክንዴን ስትይዘው ፊቷ ተለወጠ፣ ከስቻለሁ። ሻንጣውን አየችው። "ጎበዝ፣ አዘጋጅተሃል" አለች። እኔ ያዘጋጀሁት ሊሆን ይችላል፣ የተስማማሁት ግን አይደለም። ይህን ልል ስል ስቅ አለኝ።

ሐሊማ ገባች። ጃርሶ ገባ። ታምራት ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ገባ። የነፍስ አባቴም "ቆይ ልየው" ብለው ደረሱ። ወንበር አልበቃም።

ጃርሶ ትናንት ፍየል አርዶልኝ ኖሯል፣ ሳይነግረኝ። "ሞራውን አይቻለሁ። መንገድ አለበት" አለ።

"ይኸው!" አለች ወርቄ። "መንገዱ ወደኔ ነው።"

"መመለሻም አለበት።"

"መመለሻውን አሁን ነው የጨመርከው፣ አባ ጃርሶ!"

ሐሊማ ቀጠለች። "ወስደሽ ምን ታደርጊያቸዋለሽ? አንቺ ሱቅ ትውያለሽ፣ እሳቸው ግድግዳ ሲያዩ ይውላሉ።"

"እዚህስ ብቻውን ወድቆ አይደል? ማን ነበረው?"

"ማን ነበረው? እኛ ሰው አይደለንም?"

ተጀመረ። ታምራት ያነሳሁት እኔ ነኝ አለ። ሐሊማ ሾርባዋን ቆጠረች። ቄሱ በየማለዳው ዲያቆን ልላክ አሉ። ጃርሶ ወተት ከኔ ነው አለ፣ የግመል ነው፣ የግመል አይወድም አለች ወርቄ፣ ይወዳሉ አለች ሐሊማ፣ ይደብቁሻል እንጂ ይወዳሉ። ደምሴ እንዲህ ነው፣ ጋሽ ደምሴ እንዲያ ናቸው፣ አባዬን እኔ ነኝ የማውቀው። ማንም እኔን አልጠየቀኝም። እንደ ራሴ ተዝካር ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ልቆጣ ነበር። አልተቆጣሁም። ሎኮ ብትኖር ከሁሉም በላይ የምትጮኸው እሷ ነበረች ብዬ አሰብኩ።

ጃርሶ እጁን አነሳ። "ስሙ።"

ሁሉም ዝም አለ። ምን እንስማ? ዶሮ ብቻ ነው የሚጮኸው። ወርቄ አየችኝ። እኔም ራሴን ጠበቅሁ። ጠበቅን። ምንም። መቼ እንደሄደ ያየ የለም!

ከዚያ በኋላ ደግሞ አዲስ ጸብ፣ የማን ጸሎት ነው የሚል። ሸሸሁና ተኛሁ።

እሁድ፣ ኅዳር 11

ተኛሁ። እንደ ድንጋይ። ስነቃ ወርቄ በሩ ሥር ፍራሽ ዘርግታ ተኝታለች፣ ትንፋሼን ስታዳምጥ አድራ። ያለቀሰችም ይመስለኛል፣ ዓይኗ አብጧል። ሳትነቃ ውሃ ቀዳሁ፣ ቁርስ ሠራሁ። ስትነሳ ጀሪካኑን አየች፣ እኔን አየች። "እሺ፣ አባዬ" አለች። ሻንጣውን ራሷ አልጋ ሥር መለሰችው። ከሰዓት ሸኘኋት።

ሰፈሩ ውስጥ ልጆች ለነገው የኅዳር ጭስ ቆሻሻ ይከምራሉ።

አሁን ይህን ስጽፍ አንዲት ስቅታ መጣች። አንዲት ብቻ። እስክሪብቶውን አስቀምጬ ጠበቅሁ። ሌላ አልመጣም። እንደሆነ ይሁን። ማን እንዳዳነኝ ስለማላውቅ ለሁሉም እከፍላለሁ፣ ማንም በስሜ እንዳይከፍልልኝ።

ለሚካኤል ጥላ። ነገ ራሴ ተሸክሜ አስገባለሁ።

ለሼኹ ቤት ስኳር። ሐሊማ አትገዛም፣ እኔ ገዝቼ እሷን አስከትዬ እሄዳለሁ።

ለጃርሶ ፍየል። እሱ ካረደው ያላነሰ፣ ከገበያ ራሴ መርጬ።

ለታምራት ምስክርነት። እዚያ አዳራሽ ገብቼ ስቆም የነፍስ አባቴ ምን ይሉኝ ይሆን? ይበሉ። ቃል ቃል ነው። አጭር አድርጌ መስክሬ እወጣለሁ።

ለወርቄ። እሷ ምንም አልተሳለችም፣ የሷ ነው የከበደኝ። ለገና ሀገረ ማርያም እሄዳለሁ፣ ትኬቴን ራሴ ቆርጬ፣ ሻንጣዬን ራሴ ይዤ። አንድ ሳምንት ቤቷ እቀመጣለሁ። የሰጠችኝን እበላለሁ፣ ጨው በዛ አልልም። ክንዴን ስትይዝልኝም አልነጥቃትም።