የሚነሣ አጥር

ውድ ሐጎስ፣

ቤቱን ልሸጥ አይደለም። ወደ ደሴም ልመለስ አይደለም። ይህን ከሰላምታ አስቀድሜ የምጽፍልህ፣ ወሬው ከገበያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ ስለተዳረሰ አንተ ዘንድ ሳይደርስ አይቀርም ብዬ ነው። መምህርት የሺ ዕቃዋን እየሸከፈች ነው ይላሉ። አጥር ያሳጠረችው ለገዢ ዐይን እንዲያምር ነው፣ ወደ አገሯ ልትገባ ነው ይላሉ። ወደ አገሯ አሉ፣ ሰማህ? የእነሱን ልጆች ፊደል ያስቆጠርኩት የት ነው? አንተን የቀበርኩትስ የት ነው? ይህን አስቦ ወሬውን የመለሰ አንድ ሰው አልተገኘም።

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ቤቱ እንዳለ ነው። ሮማንህ ዘንድሮ በደንብ አፍርቷል፤ የጥብስ ቅጠሉ ያለ ልክ ተንሰራፍቶ ነበር፣ ከርክሜዋለሁ። የክትክታ አጥርህ ግን የለም፤ እንዴት እንደጠፋ ስለማታውቅ ልንገርህ።

በቀብርህ ዕለት ድንኳኑ ግቢያችን አልበቃው አለ። ገጀራ ይዛ የወጣችው ጎረቤታችን ለተብርሃን ራሷ ነች። ለቀስተኛ መንገድ ላይ አይቀመጥም ብላ አጥሩን ከመሐል መቁረጥ ጀመረች፣ ወንዶቹ ተከተሏት፣ ድንኳኑም ከእኛ ግቢ እስከ እሷ በረንዳ ተዘረጋ። ሐዘን የገባበት ቤት አጥሩ ይከፈታል፤ የሰፈራችን ልማድ ነው፣ አመስግኛቸዋለሁ፣ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን ድንኳኑ ሲነሣ አጥሩን የመለሰው የለም። ዓመት ሳይሞላ አትክልት ቦታህ አውራ ጎዳና ሆነ። ውሃ የሚቀዳው በዚያ፣ በግ የሚነዳው በዚያ፣ ወፍጮ ቤት የሚሄደው በዚያ። አንዱማ ሽንኩርትህን በእግሩ ረግጦ እንደቆመ ባርኔጣውን አንሥቶ እንዴት አደርሽ አለኝ። ያሳደገኝ ሰው ስላለ ሰላምታውን መለስኩ። አጥር ማሳጠር እንዳለብኝ የቆረጥኩት ግን ያን ጠዋት ነው።

ልጃችን ዳንኤል ከአዲስ አበባ ደውሎ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ግንብ፣ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ይሁን አለኝ። አባትህ የሠራው ቤት ነው እንጂ ወህኒ አይደለም አልኩት። አንተ ክትክታውን ከወገብ በላይ እንዲያድግ ፈቅደህለት ታውቃለህ? ጎረቤቴን ጤና ይስጥልኝ ለማለት መሰላል አልወጣም እያልክ በየወሩ ትቆርጠው ነበር። ስለዚህ የእንጨት አጥር፣ ያውም ዝቅ ያለ፣ ከወገብ የማይበልጥ እንዲሆን ወሰንኩ።

ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ሰሜን ክፍለ ከተማ ውስጥ ኪዳነ የሚባል አናጢ አለ። እሱም መጀመሪያ ቆርቆሮ ካልሆነ ብሎ ተሟገተኝ። ሲሸነፍ እርጥብ የባሕር ዛፍ ጣውላ አመጣልኝ። ለጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ አስተኛሁት፤ እንደ በግ ቀንድ ሲጠማዘዝ ጠርቼ አሳየሁትና አስመለስኩት። የደረቀውን ሲያመጣ ደግሞ የለሰለሰውን ፊት ወደ እኔ፣ አግዳሚውንና የምስማሩን ጫፍ ወደ ለተብርሃን አድርጎ መታው። ያዘዝሽው አንቺ አይደለሽ፣ ውበቱን ማየት ያለብሽ አንቺ ነሽ ይለኛል። ጎረቤት ምስማር እየተመለከተች ልትኖር ነው? አስነቅዬ አስገለበጥኩት። የቋሚዎቹን እግር ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ ዘይት አስቀባሁ፤ የጣውላው ጫፍም አፈር እንዳይነካ ከመሬት በጥቂቱ አስነሣሁት። «ኣደይ የሺ፣ አጥር እኮ ነው፣ ሳጥን አይደለም» አለኝ። አጥር መሆኑን አውቃለሁ፣ የማላውቀው ቱንቢህን የት እንደጣልከው ነው አልኩት።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ጣውላው የተመታባቸው መከለያዎች በቋሚዎቹ ላይ በምስማር እንዲመቱ አልፈቀድኩም። እያንዳንዱ በብረት መንጠቆ እንዲንጠለጠል፣ ሁለት ሰው ወደ ላይ ሲያነሣው እንዲወጣ አዘዝኩ። ኪዳነ ለምን አለኝ። ለጽዳት ይመቻል አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? ሐጎስ፣ አንተ እውነቱን ሳልነግርህ ታውቀዋለህ። ቀጣዩ ድንኳን ከሁለታችን ከአንዳችን ቤት ነው የሚተከለው፣ ከእኔ ወይም ከለተብርሃን። ያን ቀን ማንም ገጀራ እንዲያነሣ አልፈልግም፤ መከለያው ተነሥቶ ይቀመጥ፣ ሐዘኑ ሲያልፍ ይመለስ። ግን በሕይወት ላለ ሰው ድንኳን አይለካም፣ ሟርት ነው። አጥሬን ለድንኳንሽ እንዲመች አሠራሁት ተብሎ ለጎረቤት አይነገርም። ስለዚህ ዝም አልኩ። ኪዳነ ደግሞ በየሄደበት ተነቅሎ የሚሄድ አጥር አዘዘችኝ እያለ አወራ። ቀሪውን ሰፈሩ ጨመረበት።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለተብርሃን መጣች። በአጥሩ በኩል መጥራት ስትችል በመንገድ ዞራ በዋናው በር ገባች፣ እንደ እንግዳ። ከእኔ የተዋሰችውን ሁሉ ተሸክማ ነበር፤ ወንፊቱን፣ ትልቁን ድስት፣ ሙቀጫውን ሳይቀር። ወንፊቱ የማን እንደሆነ እኮ እኛም ረስተነው ነበር። ደረጃው ላይ ደረደረችውና ሰው ሲሄድ ዕቃው ከእጄ እንዲገኝ አልፈልግም አለች፣ ፊቴን ሳታይ። ሰፈሩ ያለውን ይበል፤ ከእሷ ግን አልጠበቅሁም። ተናደድኩ። ሟርቱንም ይሉኝታውንም ተውኩት።

«ለተብርሃን፣ ይሄ መንጠቆ ለድንኳኔ ነው» አልኳት። «የሚሄድ ሰው ለድንኳኑ ቦታ አያበጅም። እዚሁ ነው የምሞተው፣ እናንተው ናችሁ የምትቀብሩኝ፣ ወደዳችሁም ጠላችሁም።»

ደረጃው ላይ ከድስቱ አጠገብ ተቀመጠች። ነጠላዋን ወደ ዐይኗ ወስዳ መለሰችው። ከዚያ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«ኣንቲ የሺ፣ ማን ቀድሞ እንደሚሞትም ትምህርት ቤት አስተምረውሽ ነው? እኔ ብቀድምስ?»

«ብትቀድሚም ይበቃል፣ ለክቼዋለሁ» አልኳት።

ሳቀች። ክፉ ሴት ነሽ አለችኝ። ቆየት ብላ ተነሣችና ወንፊቱን ብብቷ ሥር አድርጋ፣ ነገ ዱቄት አለብኝ ብላ ይዛው ሄደች። ድስቱንና ሙቀጫውን እኔ አላስገባሁም፤ ደረጃው ላይ ናቸው፣ መጥታ ትወስዳቸዋለች።

ከእሷ ጋር ተቋጨ። ከሰፈሩ ጋር ግን ገና ነኝ፤ ንዴቴም አልበረደም። አንተን እንዴት እንደማስብህ በደብዳቤ አልዘረዝርልህም፣ የነገውን ሥራዬን ብቻ ልንገርህ። ነገ ከሁሉ በፊት፣ ቅዳሴው እንዳበቃ፣ የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳዳሪ ይዤ መቃብርህ ጋ እወስዳቸውና አጠገብህ ያለው ባዶ ቦታ የእኔ መሆኑን ሰው እየሰማ አስነግራለሁ። ወሬ የሚወዱት ይህንንም ያውሩ። ቀጥሎ ለዳንኤል ደውዬ የግንቡ ነገር ማብቃቱን አስታውቀዋለሁ። ቀጥሎ ኪዳነን አስጠርቼ፣ ከሮማኑ አጠገብ ያለው መከለያ በአንድ ጣት ወደ ግራ ዘምሟልና፣ ቆሜ አሳርመዋለሁ።

ያንተው የሺ