ያለ ጉዳይ የምትሄድ ሴት

መካነ ሰላም፣ ጥር 2009 ዓ.ም.

ለልጄ አባት፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ከርመሃል ወይ? ወገብህስ ተሻለህ? ልጃችን ጥርስ አብቅላለች፤ እኔም አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እናትህ ሰላም ይሉሃል እንዳልልህ፣ መጻፌን አያውቁም።

በስልክ ያልነገርኩህ አንተ በደወልክ ቁጥር ድምፁ ተለቆ ቤተሰቡ ሁሉ ስለሚሰማ ነው። ጀብሪል ወደ ሪያድ ሊመለስ ስለሆነ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

የላክኸው የድምፅ መልእክት ደርሶኛል። "ስልኩን ለእናቴ አስረክቢ፤ ጠዋት ጠዋት መውጣቱን ካልተውሽ ወደ አባትሽ ቤት ሂጂ" ብለሃል። በእንዲህ ያለ ድምፅ ተናግረኸኝ አታውቅም። ልጄን ታቅፌ ደጋግሜ ሰማሁትና አንጀቴ አረረ። ተናድጃለሁም፤ አልደብቅህም።

ፎቶዬን የላከችልህ የአጎትህ ልጅ ጠይባ እንደሆነች አውቃለሁ። ባሏ አረብ አገር እያለ ይህች ሴት ምን አከሳት ተብሎ ስምህ ተነስቷል። እናትህ ይህን ፈርተው ነው አራስ ሳለሁ ገንፎውን በቅቤና በማር እያጠቀሱ ያጎረሱኝ። በቃኝ ስል እጄን ናቀች አሉ።

ደሴ ስወልድ የእርግዝና ስኳር እንደነበረብኝና እንደጠፋ ነግሬሃለሁ። ያልነገርኩህ ሐኪሟ ያለችኝን ነው። ጠፋ ብለሽ አትዘናጊ፣ ካልተጠነቀቅሽ ተመልሶ ይመጣል፣ ያኔ አይለቅሽም አለችኝና ስልክ ቁጥሬን መዘገበች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የተቀዳ የሴት ድምፅ ይላክልኛል። ተራመጂ ትላለች፣ ሻይሽ ላይ ስኳር ቀንሺ ትላለች፣ የምርመራ ቀኔን ታስታውሰኛለች። ይደውልላታል የተባልከው ወንድ እሷ ናት።

ጣጣ ያመጣብኝ መራመዱ ነው። እኛ አገር ሰው ገበያ ይሄዳል፣ ለቅሶ ይሄዳል፣ ውሃ ይሄዳል። ያለ ጉዳይ የሚሄድ ወይ እብድ ነው ወይ ሌባ። እኔ ብልጧ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥዬ መውጣት ጀመርኩ። የቦኖውን ሰልፍ አልፌ ሄጄ ባዶውን ይዤው ስመለስ ያየ ሰው ምን ይበል? ውሃ ሳትቀዳ ማን ዘንድ ቆይታ ነው ተባለ። ሞኝነቴ አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ያስለቅሰኛል።

መልእክትህ በመጣ ማግስት እናትህ ሊይዙኝ ተከተሉኝ። አቀበቱ ላይ ዞር ስል ነጠላቸውን ተከናንበው ከኋላዬ አየኋቸው። ብመለስ ጥፋተኛ መሆኔ ነውና አልተመለስኩም። አናቱ ላይ ደርሼ ቆምኩ። ማንም አልነበረም፤ ሴትዮዋ ብቻ ከስልኩ ውስጥ ትናገራለች። እናትህ ትንፋሽ አጥሯቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አሁን ስልኩን ነጥቀውኝ ይሄዳሉ ስል፣ እንደገና አሰሚኝ አሉኝ።

የስኳር ምልክት የምትናገርበት ቀን ነበር፤ ውሃ ጥሙን፣ ለሽንት መመላለሱን፣ የእግር መደንዘዙን። እስከ መጨረሻው ሰሙና ደግመው አስከፈቱኝ። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ሲያሹ ቆዩ። ከዚያ ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ።

"ለልጄ እንዳትነግሪው። ሥራውን ጥሎ ይመጣል" አሉ።

ወላሂ አልነግረውም ብያቸዋለሁ፤ ስለዚህ ምንም አልነገርኩህም። ስልኩ እኔው ጋ ነው፣ እናትህም አስረክቢ አላሉኝም። ጠዋትም እወጣለሁ። ወደ አባቴ ቤት ልትሰደኝ ከቆረጥክ ደውልና ለእሳቸው ራስህ ንገራቸው፤ ድምፁ እንደተለቀቀ ነው፣ የሚሉህን ሁላችንም እንሰማለን።

ለረመዳን የምትልከው ሐላዋ ዘንድሮ ይቅር። በምትኩ ለስላሳ የሴት ሸራ ጫማ ላክ። ቁጥሩ ከእኔ በሁለት ይብለጥ፤ ተሳስታ ነው ብለህ እንዳትቀንሰው።

አላህ ካሰብክበት ያድርስህ፣ በሰው አገር ክፉ አይንካህ። በዓይነ ሥጋ ያገናኘን፣ አሚን።

የልጅህ እናት