ገመዱ ላይ ያልተሰቀለው ካርድ

ጥቅምት 4
የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጣች። ለጠቅላላ እውቀት ውድድር እያስጠናኋት ነው። ሳሎን ውስጥ የዘረጋሁት ገመድ ሞልቷል፤ ጦርነቱ፣ ፈጠራው፣ ሁሉም በየካርዱ ተጽፎ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅሏል። በግራ ጥንቱ፣ በቀኝ የኛ ዘመን። ዛሬ የማተሚያ መሣሪያውን ውቅያኖስ ካቋረጡት መርከበኞች በኋላ ሰቀለችው። "አውርጂና አስቢ" አልኳት። አሰበች። አስተካከለች። ማስተማር ይኸው ነው።

ጥቅምት 7
ውድድሩ ሥነ ልቦናም አለበት። ከላያችን ፎቅ ያለችው የሥነ ልቦና መምህርት ልታስጠናት ተስማማች። ጥሩ። እኔ በዚያ በኩል ባዶ ነኝ።

ጥቅምት 11
ከጣሪያው በላይ ሳቅ። አሁንም ሳቅ... ሥነ ልቦና ውስጥ ምን የሚያስቅ ነገር አለ?
ስትወርድ ጠየቅኳት።
"የሙከራው ውሻ ነው አባባ። ደወል ሲሰማ ምራቁ የሚዝረበረበው።"
"ታዲያ ይህ ያስቃል?"
"መምህርቷ ውሻውን ሆና ስታሳይ ያስቃል።"
ባለቤቴ ከጓዳ፦ "የላይኛው በር ሲንኳኳ ያንተስ ጆሮ ይቆም የለ?"
ዕድሜ ልኬን ታሪክ ሳስተምር ውሻ ሆኜ አላውቅም።

ጥቅምት 15
አዲስ ካርድ ይዛ መጣች። "የመጀመሪያው የሥነ ልቦና ላቦራቶሪ።" የመምህርቷ እጅ ጽሑፍ ነው። ያማረ... መቆንጠጫ አንስታ ገመዱ ሥር ቆመች።
"የት ጋ ይገባል አባባ?"
"ይህ ገመድ የታሪክ ነው።"
"ይኼስ ታሪክ አይደል?"
"እዚያው ላይ ቤት ስቀዪው።"
ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።
"አንድ ካርድ ቢጨመርበት ይበጠሳል?" አለች ባለቤቴ። ቦታ ጠፍቶ ነው? ለካሁት። ይበቃው ነበር።

ጥቅምት 22
የውድድሩ ቀን። መምህርቷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሌላ ወንበር የጠፋ ይመስል...
የልጅ ልጄና ተፎካካሪዋ እስከ መጨረሻው እኩል ሄዱ። የቀረው አንድ ጥያቄ፦ ስልክና የመጀመሪያው የሥነ ልቦና ላቦራቶሪ፣ የቱ ይቀድማል?
ዓይኗን ጨፈነች። እጇ መቆንጠጫ እንደያዘ ሁሉ በአየር ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ። ቆመ። ተመለሰ።
"ላቦራቶሪው" አለች።
ተሸነፈች።
መንገድ ላይ እንዲህ አለችኝ፦ "ስልኩ ታየኝ አባባ፣ ቦታው ላይ ነበር። ላቦራቶሪው ግን የትም የለም። ገመትኩ።"
አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 23
መምህርቷን ደረጃው ላይ አገኘኋት። ሰላም ብዬ ላልፍ ስል አስቆመችኝ።
"ጋሼ፣ ዓመተ ምሕረቱንም ላስጠናት ብዬ ነበር። 'እሱ የአባባ ነው' ብላ እምቢ አለችኝ።"
እኔ በቅናት ስንጨረጨር፣ ልጅቷ ድርሻዬን ስትጠብቅልኝ ኖሯል።


ጥቅምት 25
ገመዱን ፈታሁ። ጠቅልዬ፣ ከነካርዱና ከነመቆንጠጫው ይዤ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። በሩን የከፈተችው የልጅ ልጄ ናት። ገመዱን አየች፣ እኔን አየች።
"ያንን ጫፍ ያዢልኝ፣ ያንቺ ግድግዳ ሰፋ ይላል" አልኳት መምህርቷን።
ላቦራቶሪውን ልጅቷ ሰቀለችው፤ ከስልኩ በስተቀኝ፣ ሦስት ዓመት አለፍ ብሎ። ትንሽ ተንጋዶ ነበር። አቃናሁት።
ከዚያ ውሻውን አሳዩኝ አልኩ።
ያስቃል ለካ። የመምህርቷ ሻይም ከቤታችን ሻይ ይጥማል... ይህን ባለቤቴ አትስማ።