እግር ላይ የሚታሰር ስም

ሰኞ፣ ኅዳር 9። አዳሚ ቱሉ
ስልሳ ወጥመድ፣ አራት አይጥ። ከቀሩት ውስጥ ለማማለያ የቀባሁትን የለውዝ ቅቤ ጉንዳን ጨርሶታል። ሁለቱን መዘንኩ፣ ለካሁ፣ ለቀቅሁ። የማሳው ባለቤት አዴ ጉዲቱ አጥሩን ተደግፈው ያዩኛል።
«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ! ይዘሽ ትለቂያለሽ እንዴ? በቆሎዬን የጨረሰችውን?»
«ሁለቱን ለናሙና አስቀርቻለሁ፣ አዴ።»
«አስቀሪ! ዘመዶቿንም ጨምሪ!»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10
አዴ ጉዲቱ ማታ እንደመከሩኝ ወጥመዱን ከቁልቋሉ ሥር አንስቼ ወደ አገዳው ክምር ወሰድኩት። አሥራ ሦስት! ዘጠኙን ለናሙና አስቀረሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11
አማካሪዬ ዶክተር ገሠሠ ከአዳማ ደወሉ።
«ፍሬ፣ የናሙናዎቹ መለያ ላይ፣ ሰብሳቢ በሚለው፣ የእኔን ስም ጻፊ። እንደ አምናው።»
እንደ አምናው... አምና መተሐራ አርባ ቀን ፀሐይ የበላው እኔን። የጥናቱ ጽሑፍ ሲታተም ስሜ የት ነበር? ምስጋናው ውስጥ፣ «እና ሌሎች ረዳቶች»። ሌሎች! ያኔ ዝም አልኩ። ለምን? ማስተርሴ በእሳቸው ፊርማ ላይ ስለተንጠለጠለ። አሁንም ተንጠልጥሏል።
ስልኩን ዘጋሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12
መለያዎቹን ጻፍኩ። ጣት የምታህል ወረቀት፣ የማይለቅ ቀለም። ቀን፣ ቦታ፣ ክብደት። ሰብሳቢ፦ ፍሬሕይወት ይትባረክ። አሥራ አንድ ጊዜ። እያንዳንዱን እግር ላይ አስሬ ናሙናዎቹን አልኮል ውስጥ ከተትኳቸው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14። ባቱ
ዶክተር መጡ። ምሳ ላይ አንዱን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንስተው አነበቡ።
«ይሄ ይቀየር።»
«የመጀመሪያው መለያ አይነቀልም። እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።»
«የማስተርስሽን ነገር አስበሽበታል?»
«አስቤበታለሁ።»
ዓሣቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ። እኔ የራሴን ጨረስኩ። ርቦኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17። አዳማ
ደብዳቤ ደረሰኝ። ዶክተር ከእንግዲህ አማካሪዬ አይደሉም። ሌላ ካላገኘሁ ዓመቱ ሊያልፈኝ ነው...
ከሰዓት ናሙናዎቹን ላስረክብ ወደ ዩኒቨርሲቲው የናሙና ክፍል ሄድኩ። መዝጋቢዋ ወይዘሮ የሺዓለም መነጽራቸውን አደረጉ።
«ዶክተር ደውለው በስማቸው እንዲመዘገብ ነግረውኛል።»
ሁሉም በከንቱ?
«እኔ ግን የምጽፈው መለያው ላይ ያለውን ነው። በይ አንብቢልኝ፣ ጽሑፍሽ ደቃቅ ነው።»
የመጀመሪያውን ብልቃጥ አነሳሁ። ቀን። ቦታ። ክብደት።
«ሰብሳቢ?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።
ስሜን ነገርኳቸው። እስከ አሥራ አንደኛው ድረስ ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም።