የጥቅምት ድንች

ነፋስ ስልክ፣ ኅዳር 8 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሮበሌ፤ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ፤ ላማችንም ወለደች።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ ስንት የዘማች እናት እያለ፣ እኔ ሳልጠይቀው ከወንዙ ዳር ቁራሽ መሬት ሰጠኝ። ዝናቡ ቢያልፍም ድንች ተከልኩበት። ጎረቤቱ ሁሉ «ድንች በጥቅምት!» ብሎ ሳቀብኝ፤ ይሳቅ! ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣዋለሁ።

በቀኜ እማዋይሽ፣ በግራዬ በቀለች ሊቀመንበሩ የሰጣቸውን መሬት ይኮተኩታሉ፤ ልጆቻቸው ካንተ ጋር የዘመቱት። ሁለቱም ጥቁር ለብሰዋል። ሊቀመንበሩ ሲያየኝ አንገቱን ይደፋል፤ እኔም ለምን ሰጠኸኝ አላልኩትም።

ድንቹ ለጥር ይደርሳል። አንዱን መደብ ግን እኔ አልቆፍረውም፣ ያንተ ነው። ስምህን ብቻ እንኳ በእጅህ ጽፈህ ላክልኝ።

ጭቃ ቢነካውም ነጭ ነጠላዬን እያጠብኩ እየለበስኩ የምጠብቅህ፣

እናትህ ዘነቡ